ባለ እንጨቷ ሞሪስ

ክሊፎርድ ቲስደል ጠዋት ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ፣ ኮፍያውን እንኳ በወጉ ሳያጠልቅ፣ ከመኪናው ኋላ ቁጢጥ ይልና፣ በስብሶ እንደሆነ ለማየት የቀኝ አውራ ጣቱን ጥፍር የመኪናዋ እንጨት ላይ ይጫናል። ጥፍሩ ካልሰመጠ ጉልበቱን ይዞ ቀና ይላል፤ ቀኑ ተጀመረ ማለት ነው። ጎረቤቶቹ በመስኮት እያዩ «ሐኪሙ ተነሣ፣ የልብ ትርታዋን ለካ» እያሉ ይሳለቁበታል። ልማዱ ከመኪናዋም ያለፈ ነበር። የሰው ቤት ጠረጴዛ፣ የቤተ ክርስቲያን አግዳሚ፣ የመጠጥ ቤት ባንኮኒ፣ ምኑም ምኑ ጥፍሩን ሳይቀምስ አያልፍም። ሚስቱ ኢኒድ ሻይ ተጠርተው ሲሄዱ ደጃፍ ላይ ታቆመውና፣ «ክሊፍ፣ እጅህ ኪስህ ውስጥ ይግባ!» ትለዋለች። ያስገባል። ሻዩ ሳይቀዳ ግን ያወጣዋል።

መኪናዋ ሞሪስ ማይነር ናት፤ ከማይነሮችም ትራቭለር የሚሏት ዓይነት። ከፊት ስትታይ እንደ ማንኛዋም መኪና ቆርቆሮ ናት። ከሹፌሩ ወንበር ወደ ኋላ ግን አሽ ከሚባለው ነጭ እንጨት የታነጸች ትንሽ ቤት ናት ማለት ይቻላል። የማያውቅ ሰው እንጨቱ ጌጥ ይመስለዋል። ጌጥ አይደለም፤ ጣሪያዋን የተሸከመው፣ የኋላ በሮቿን የያዘው፣ መስታወቶቿን ያቀፈው እሱ ነው። «ቆርቆሮው ቀሚሷ ነው፤ አጥንቷ እንጨቱ ነው» ይል ነበር ክሊፎርድ።

በኮቨንትሪ ከተማ ያንን አጥንት ሲቀርጹ ከኖሩት አናጢዎች አንዱ እሱ ነበር። ማይነር እ.ኤ.አ. በ1948 በለንደን ትርኢት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትታይ፣ ክሊፎርድ ከጦርነት የተመለሰ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነበር፤ የሚሠራውም የትምህርት ቤት ዴስክ ነው። ስለ እሷ የሚወራውን ሁሉ እንደ ቤተ ዘመድ ወሬ ይሰበስብ ነበር። የሠሯት ሰዎች መጀመሪያ ጠበብ አድርገው ጨርሰዋት ኖሮ መልኳ አላምር አላቸው፤ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ መሐል ለመሐል ሰነጠቋትና ሁለቱን ግማሽ እያራቁ፣ እያቀራረቡ አይተው አንድ መዳፍ ያህል አስፍተው መልሰው ገጠሟት ይባላል። የፊት መከላከያዋ ግን አስቀድሞ ተሠርቶ ስለ ነበር እሱንም ከመሐሉ ቆርጠው በቁራጭ ብረት ቀጠሉት። ክሊፎርድ ይህን ሲያወራ ፊቱ ይፈካል። «አያችሁ፣ ቀጠሉት፤ ግን ቅጥያውን አልደበቁትም። ነውሩ መቀጠል አይደለም፤ መደበቅ ነው።»

ባለ እንጨቷ ስትጀመር በ1953 ፋብሪካ ገባ። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እንጨት ሲያለዝብ፣ በመሮ ሲፈለፍል፣ ሲያጣብቅ ኖረ። መኪናዋ የነርሶች፣ የቄሶች፣ የአስተማሪዎች፣ ውሻ የሚያሳድጉ ሴቶች ሆነች። ሚሊዮኑ ሲሞላ ለመታሰቢያ ጥቂቶቹን ፈዛዛ ወይን ጠጅ ቀለም ቀቧቸውና አናጢዎቹ «የጳጳስ ካልሲ» ብለው ስም አወጡላቸው። በ1971 የመጨረሻዋ ባለ እንጨት ወጥታ የአናጢዎቹ ክፍል ሲዘጋ፣ ክሊፎርድ ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ለጡረታ ልጅ፣ ለቅጥር ሽማግሌ። ከቤቱ ጀርባ ባለችው ጋራዥ የሰዎችን ትራቭለር እንጨት እየለወጠ ይኖር ጀመር።

ለደንበኞቹ ሁሉ የሚናገረው አንድ ምክር ነበረው። «ዘይት ቀቡት፤ ቨርኒሽ አታስነኩት። ቨርኒሽ ውበቱ ከላይ ነው፤ ስንጥቅ ያገኘ ዕለት ውኃ ያስገባና መውጫውን ይዘጋበታል።» ይህን ብሎ ሲያበቃ የራሱን መኪና በየጸደዩ ሦስት ጊዜ ደራርቦ ቨርኒሽ ይቀባል። ምክንያቱ ኢኒድ ናት። መኪናዋን የገዙ ሰሞን የፀሐይ ብርሃን አዲሱ እንጨት ላይ ሲያርፍ አይታ፣ «ማር መሰለች እኮ ክሊፍ!» አለች። ልጅ አልሰጣቸውም፤ ኢኒድም ለራሷ ይህን አድርግልኝ የምትል ሴት አልነበረችም። ስለዚህ ማሩ እንዳይደበዝዝባት ስምንት ዓመት ቀባላት።

የ1976ን በጋ የዚያ አገር ሰው አይረሳውም። ለወራት ጠብ ሳይል ቀረ፤ ሰው ባልዲ ይዞ መንገድ ዳር ቧንቧ ተሰለፈ፤ የሣር ሜዳው ሁሉ ገለባ ሆነ። እንጨትም እንደ ሰው ይጠማል። የክሊፎርድ መኪና መገጣጠሚያዎች ተኮማትረው ቨርኒሹ ዓይን በማያየው ቀጭን መስመር ተሰነጠቀ። ከዚያ በመስከረም ሰማዩ ተነደለ፤ ያልዘነበው ሁሉ ተጠራቅሞ ወረደ። በዚያው ሰሞን ኢኒድ ሆዷን አመማትና ከከተማው ሃያ ማይል ርቆ ኮረብታ ላይ ካለው ሆስፒታል ተኛች።

በጥቅምት አንድ እሑድ ሐኪሙ ክሊፎርድን ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ወሰደው።

«ከፍተን አየነው ሚስተር ቲስደል፤ መልሰን ዘጋነው። ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው።»

«እሷ ታውቃለች?»

«ለሕመምተኛ አይነገርም። እስካሁን ያልተነገራት ተስፋዋ እንዳይቆረጥ ነው። እርስዎም ፊትዎን ጠበቅ ያድርጉ።»

የኢኒድ ታናሽ እህት ዊኒ አጠገቡ ቆማ ነበር። ዊኒ ከእነሱ ሦስት ቤት አልፋ የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ዝም ያለችበትን ቀን ማንም አያስታውስም። ወደ ቤት ሲመለሱ መኪና ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ትንፋሽ አልወሰደችም። «እንዳትነግራት! ትሰማኛለህ ክሊፍ? የሰማች ዕለት ትሄዳለች፣ አውቃታለሁ። አንተ ደግሞ ፊትህ የሱቅ መስኮት ነው፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ይታያል። ስትገባ ስለ ዝናቡ አውራ። ስለ እኔ አውራ፣ ስለ እኔ መቼም ወሬ አታጣም።»

የቀሩት ቀኖች ተቆጥረው ነበር፤ ለእያንዳንዱ ቀን የተፈቀደው ደግሞ ከቀኑ ስምንት እስከ ዘጠኝ ያለችው አንዲት ሰዓት ናት። ደወል ተደውሎ ጠያቂ ይገባል፤ ደወል ተደውሎ ይወጣል። ክሊፎርድ እስከዚያ ድረስ ያችን ሰዓት አንድም ቀን አላጎደለም። በዚያ ላይ ሰኞ የመኪናዋ የዓመት ምርመራ ወረቀት የሚያበቃበት ቀን ነበር፤ ያለዚያ ወረቀት፣ ለምርመራ ካልሆነ በቀር፣ መንዳት ክልክል ነው። ጠዋት ወስጄ አስመርምሬ በዚያው ወደ ኢኒድ እሄዳለሁ ብሎ ተነሣ። እንደ ወትሮው ቁጢጥ ብሎ ጥፍሩን ተጫነ። ቨርኒሹ እንደ መስታወት ጠጣር ነበር።

መርማሪው ጉርዲፕ ሲንግ ነው። ከአያት ከቅድመ አያት የአናጢ ዘር ነው፤ ወላጆቹ ከፑንጃብ ይዘውት ሲመጡ ልጅ ነበር። ስድስት ዓመት በፋብሪካው ከክሊፎርድ ጎን ባለው መደብ ሠርቷል። አሁን ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ክሊፎርድን ግን ዛሬም «አለቃ» ነው የሚለው።

«እስቲ አሮጊቷን አምጧት አለቃ። የእርስዎንማ ሳላያት ብፈርምስ?»

«እይ እንጂ። የምትከፈለው ለምንድነው?»

ጉርዲፕ እየሳቀ ከታች ገባ። በካቻቢቴው እጀታ እንጨቱን መታ መታ ያደርጋል፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ከኋላ ጎማው አልፎ ታችኛው ወራጅ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ፤ ዱብ አለ። ጉርዲፕ ሳቁን አቆመ። እንደገና መታ። ዱብ። ካቻቢቴውን ገልብጦ በጫፉ ጫን አደረገው። ብረቱ ረጥቦ ያደረ ዳቦ ውስጥ እንደሚገባ እስከ እጀታው ሰመጠ።

ክሊፎርድ ጎንበስ ብሎ ቀዳዳውን አየ።

«አለቃ…»

«የኋላውን ቋሚ እግሩን ውጋው።»

ወጋው። እሱም ሰመጠ። ቡናማ ውኃ በካቻቢቴው ጎን ተንጠባጠበ።

«ከውስጥ ነው የበላው» አለ ጉርዲፕ ቀስ ብሎ። «ከላይ ቆዳው ደኅና ነው። ግን… ዘይት እንጂ ቨርኒሽ አታስነካ ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እሷ ስትብለጨለጭ ደስ ይላታል» አለ ክሊፎርድ።

ጉርዲፕ ስለ ኢኒድ ሰምቷል። ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይስሙኝ አለቃ። ጋራዥዎ ይሂዱ፤ ስቱኮ ይሙሉበት፤ ቡናማ ቀለም ጣል ያድርጉበት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመለሱ። እኔ ዛሬ ዓይኔን ያመኛል፣ ደኅና አድርጌ አላይም።»

ክሊፎርድ እጁን የመኪናዋ ጣሪያ ላይ አድርጎ ቆመ። ግማሹ አገር እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ስንቱን በስቱኮ የተደፈነ ትራቭለር ጋራዡ ውስጥ ከፍቶ «ማነው ይህን የሠራ ሌባ!» ብሎ ጮኋል።

«ከኋላ ቢገጩኝ ጣሪያው ይወርዳል» አለ።

«ብቻዎን ነው የሚነዱት።»

«ከእኔ በኋላስ? የሚገዛት ሰው የለም? ልጅ ከኋላ የሚያስቀምጥ?» ራሱን ነቀነቀ። «የለም ልጄ። ስታስተዛዝነኝ ነው እንጂ አንተም አታደርገውም። መቼ ላምጣት?»

«ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ከዚያ በፊት ባዶ ሰዓት ቢኖረኝ…»

«ሐሙስ ይሁን።»

በዚያው ቀን አሮጌው ወረቀት እስከ እኩለ ሌሊት ስለሚሠራ ወደ ኮረብታው ሄደ፤ በቀስታ ነዳ። ለኢኒድ «ማክሰኞና ረቡዕ ሥራ ይዞኛል» አላት። «የማን መኪና ነው እንደዚህ የሚያስቸኩለው?» አለችው። «የአንዲት ቀበጥ ሴት» አላት። ሳቀች፤ ሳቋ ሆዷን አመማትና አቆመች።

ቀሪው እንጨት ማግኘት ነበር። አሽ እንጨት ለዚህ ሥራ ዓመታት የደረቀ መሆን አለበት፤ እርጥብ ከሆነ ሲደርቅ ይጣመምና መገጣጠሚያውን ይፈለቅቃል። እሱ ያከማቸው ደረቅ እንጨት በበጋው አልቋል፤ ድርቁ የሁሉንም ሰው መኪና ስላላቀቀ ደንበኛ ጎርፎ ነበር። ማክሰኞ በማለዳ ሦስት የእንጨት ግቢዎች ዞረ። በዚያ ዘመን የአገሩ የኤልም ዛፍ ሁሉ በበሽታ እየሞተ ይቆረጥ ስለ ነበር ግቢዎቹ በኤልም ግንድ ታፍነዋል።

«ኤልም ውሰድ፣ በነፃ ልስጥህ» አለው የመጨረሻው ግቢ ሰውዬ።

«አሽ ነው የምፈልገው። ደረቅ።»

«ያ ጥግ ላይ ያለው አሽ ነው።»

ክሊፎርድ ጥፍሩን ተጫነበት። ዛፉ ከተቆረጠ ወርም አልሞላው፤ ጥፍሩ ሥር ውኃ አቀረረ።

«ለመቼ ነበር?» አለ ሰውዬው።

«ለሐሙስ።»

«ለሐሙስ! ለየትኛው ዓመት ሐሙስ?» ብሎ ሳቀ፤ የክሊፎርድን ፊት አይቶ ግን ሳቁን ዋጠው።

ያን ቀን ከግቢው ወጥቶ ለምን ወደ አውቶቡስ ፌርማታ እንደሄደ ራሱም አያውቅም። ታክሲ በእነሱ ሰፈር የሚጠራው ለሠርግና ለቀብር ብቻ ነው፤ ለሠርግና ለቀብር ያልሆነ ነገር አልታሰበውም። ሁለት አውቶቡስ ለዋውጦ፣ ከመጨረሻው ፌርማታ ኮረብታውን በእግሩ ሮጦ፣ ከክፍሉ በር ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት ከዐሥር ሆኗል። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር እጇን በሩ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«ደወሉ ተደውሏል ሚስተር ቲስደል።»

«ሲስተር፣ በአውቶቡስ ነው የመጣሁት። አምስት ደቂቃ ብቻ…»

«ለእርስዎ ከከፈትኩ ለሃያ አራት አልጋ ነው የምከፍተው። ነገ በሰዓቱ ይምጡ።»

በበሩ ክብ መስታወት አሻግሮ አያት። አራተኛው አልጋ ላይ ትራስ ተደግፋ ወደ መስኮቱ ዞራለች፤ መስኮቱ የመኪና ማቆሚያውን ነው የሚያሳየው። እንደማይመጣ ነግሯታል፤ እሷ ግን ባለ እንጨቷን እየፈለገች ነበር። መስታወቱን ሊያንኳኳ እጁን አነሣና ሲስተርን አይቶ አወረደው።

አመሻሽ ላይ ቤቱ ሲደርስ ካፖርቱን ሳያወልቅ መኝታ ቤት ገብቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ሌላ የሚሄድበት ግቢ የለም። የሚያውቀው አናጢ ሁሉ ወይ ሞቷል ወይ እንደ እሱ ባዶ ነው። ረቡዕ አለፈ ማለት ነው፤ ሐሙስም ያልፋል፤ ዓርብም። እሷ መስኮት መስኮት እያየች። እጁን አልጋው ላይ ጥሎ ሳለ አውራ ጣቱ በልማዱ ሥራውን ሠራ፤ የአልጋውን ጎን በጥፍሩ ተጫነ።

አልሰመጠም።

ወደ ታች ተመለከተ። አልጋውን የሠራው ራሱ ነው፤ በ1939፣ በተጋቡበት ዓመት። ጎንና ጎኑ ረጃጅም፣ ሰፋፊ፣ አንድም ጉጥ የሌለባቸው የአሽ ሳንቃዎች ናቸው። በሞቀ ቤት ውስጥ ሠላሳ ሰባት ዓመት የደረቀ እንጨት በመላው አገር ከዚህ ሌላ የት ይገኛል?

ፍራሹን ወደ ወለሉ ገፋው። መጋዙን አመጣ።

ዊኒ አንድ ሳህን ሩዝ በወተት ይዛ ስትገባ የአልጋው አንድ ጎን ወርዶ ሁለት ወንበር ላይ ተጋድሟል። «ሳይቀዘቅዝ…» ብላ ጀመረችና ቆመች። ፍራሹን አየች፤ መጋዙን አየች፤ የክሊፎርድን ፊት አየች። ፊቱ ላይ ደስታ ነበር። እግዚአብሔር ይወቀው፣ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስታ ነበር።

«አሽ ነው ዊኒ! ድርቅ ያለ! እዚሁ ጀርባዬ ሥር ተኝቶ እኔ ከተማ ለከተማ ስዞር!»

ዊኒ አፏን ከፈተች። ከዚያ፣ በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን፣ ምንም ሳትናገር መልሳ ዘጋችው። ሳህኑን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጣ የሳንቃውን ጫፍ ይዛ ቆመችለት። እሱ ይቆርጣል፣ እሷ ትይዛለች፤ እንባዋ አገጯ ላይ ሲደርስ በትከሻዋ ትጠርገዋለች። ክሊፎርድ የመጋዙ ብናኝ ዓይኗ የገባ መሰለው።

ረቡዕን ቀኑን ሙሉ ሠራ። የበሰበሰውን ቆርጦ አወጣ፤ አዲሱን ቀርጾ ምላሱን በጉድጓዱ ውስጥ ገጠመ፤ ሙጫ አደረገበት፤ በሞርሳ አሰረው። ስምንት ሰዓት ሲሆን መላጊያውን አስቀምጦ ዘጠኝ እስኪሆን ባዶ እጁን ቆመ። ከዚያ ቀጠለ። አዲሱ እንጨት ከአሮጌው ጋር እንዲመሳሰል ቀለም አላስነካውም፤ ቅጥያው ከሩቅ ይታይ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጉርዲፕ ከሥር ገብቶ መታ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ካቻቢቴውን ባለ በሌለ ኃይሉ ተጫነ። ጫፉ አንዲት ነጥብ ብቻ ትቶ ተንሸራተተ።

«አለቃ፣ ይህን እንጨት ከየት ሰረቁት?»

«ከቤት።»

ጉርዲፕ ሌላ አልጠየቀም። ፈረመ። «ለእመቤቲቱ ሰላም ይበሉልኝ። ፋብሪካ ሳለን በምሳ ሰዓት የላከችልኝ የዝንጅብል ኬክ እስካሁን ጥርሴ ላይ አለ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረው፣ ይበሉልኝ።»

በስምንት ሰዓት ደወል የመጀመሪያው ገቢ ክሊፎርድ ነበር። ኢኒድ በሁለት ቀን ውስጥ ቀልጣለች፤ ጉንጯ ውስጥ የነበረው ሥጋ የት እንደሄደ እንጃ። ዓይኗ ግን ያው ነው።

«በመስኮት አየኋችሁ» አለችው። «ወገቧ ላይ ነጭ መቀነት ታጥቃለች። ምን ሆነች?»

ያን ጊዜ ነገራት፤ ስለ ካቻቢቴው፣ ስለ ቨርኒሹ፣ «የአንዲት ቀበጥ ሴት» ያለው የራሳቸው መኪና መሆኑን።

«በእኔ ቅብጠት በሰበሰች በለኛ!»

«በእኔ ጅልነት።»

«እሺ፣ እንጨቱንስ ከየት አገኘህ? አልቋል ብለህ በነሐሴ ስታማርር አልነበረም?»

ክሊፎርድ እንደ ልጅ ፈገግ አለ። «አልጋችንን አረድኩት።»

ኢኒድም ሳቀች። ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ፣ አጠገቧ ያለችው ሕመምተኛ ዞር እስክትል ሳቀች። «ሠላሳ ሰባት ዓመት የተኛሁበትን! ለመኪና! ለዊኒ ነግረሃታል? ምን አለች?» ከዚያ ሳቁ ፊቷ ላይ እንዳለ፣ ዝም ብላ፣ ያለ ምንም ክፋት ጠየቀች። «ታዲያ ስመለስ የት ልተኛ ነው?»

የክሊፎርድ ፈገግታ ጠፋ። ሳንቃውን ከለካበት ደቂቃ ጀምሮ፣ ሲቆርጥ፣ ሲልግ፣ ሲያጣብቅ፣ ይህ ጥያቄ አንድ ጊዜ እንኳ በአእምሮው ውል አላለም ነበር። ዊኒ ለምን ዝም እንዳለች አሁን ገባው። እጆቹ ከእሱ ቀድመው ያውቁ ነበር፤ ይመለሳል የሚለውን ሰው አልጋ ማንም አይቆርጥም።

ኢኒድ አየችው። የሱቅ መስኮት ነው፤ ሁሉ ይታያል።

«ክሊፍ» አለች ቀስ ብላ። «እዚህ ሁሉም ደኅና ነሽ ይሉኛል። ሲስተርም፣ ዶክተሩም፣ የምታጸዳዋም ጭምር። አንተ ስለ እንጨት ዋሽተህ አታውቅም። ስለ እኔም አትዋሽ። ዛሬ አይሁን፣ ግድ የለም፤ ፊትህ ነጭ ሆኗል። ነገ ስትመጣ ግን እውነቱን ንገረኝ። ብቻዬን ሆኜ ከምገምተው አንተ እጄን ይዘህ ብትነግረኝ ይሻለኛል።»

«እሺ» አላት። «ነገ።»

ደወሉ ተደወለ።

ዓርብ የሆነውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ኃይለኛ ዝናብ ነበር። ባለ እንጨቷ ከኮረብታው ግርጌ ቀጥ አለች፤ ክሊፎርድ ኮፈኑን ከፍቶ ዝናብ እየወረደበት ቢታገል፣ ቢለምናት፣ ቢገፋት አልነሣ አለች። ተነሥታ ሲደርስ ደወሉ ተደውሎ በሩ ተዘግቷል። ኢኒድ በማግስቱ ቅዳሜ ንጋት ላይ ዐረፈች። ሁለት ሳምንት የተባለው አንድ ሳምንት እንኳ አልሞላም።

ዊኒ መኪናዋን ይቅር አላለቻትም። ከቀብሩ ሲመለሱ ጎማዋን በጫማዋ ረገጠችና፣ «አጥንቷን ሰጥታሽ! አልጋዋን ሰጥታሽ!» ብላ መንገድ ላይ ጮኸች። ክሊፎርድ ባጠገቧ ቆሞ መሬት መሬት ያይ ነበር። ከዚያ ወር በኋላ መኪናዋን ለጉርዲፕ ሰጠው። የሌሎችን ትራቭለር ግን እስከ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ሲጠግን ኖረ። የማይነር አፍቃሪዎች ማኅበር በአምሳኛ ዓመቷ በዓል ላይ የክብር እንግዳ አድርጎ ሲጠራው ሰማንያ አራት ሆኖት ነበር። አንድ ወጣት መኪናዋ ችግር አላት ወይ ብሎ ቢጠይቀው፣ «የእኔዋ አንድ ቀን ጥላኛለች ይላሉ» አለና ሌላ ወሬ ጀመረ።

በስተርጅናው የሕይወት ታሪኩን ልትጽፍ ትመላለስ ለነበረች አንዲት ልጅ ሁሉን ነገራት፤ የቨርኒሹንም፣ የአልጋውንም። «ጻፊው፣ ሰው ይማርበት» አላት። አንድ ነገር ብቻ እንዲቀር ለመናት። «ስለ እኔ ብዬ አይደለም። ኢኒድ መንገድ ላይ ነው ብላ ነው የሞተችው። እንደዚያው ይሁን።»

ያን ዓርብ መኪናዋ የትም አልቆመችም። ዝናቡን ሰንጥቃ፣ ኮረብታውን እንደ ፍየል ወጥታ ስምንት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው አደረሰችው። ክሊፎርድ ከመስኮቷ በማይታይበት በሆስፒታሉ ዘበኛ ጎጆ ጀርባ አቆማት። የመግቢያው ደወል ተደወለ። ሰዎች አበባና ወይን ይዘው፣ ጋዜጣ ራሳቸው ላይ ዘርግተው እየሮጡ ገቡ። የሚላትን ቃል ከቤቱ ጀምሮ ሲያጠናው ነበር፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። የበሩን እጀታ ያዘ፤ ለቀቀ። እንደገና ያዘ። አንዴ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አወጣ፤ ጫማው ውኃ ሞላ፤ እግሩን መልሶ በሩን ዘጋ። እንዲህ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ። የመውጫው ደወል ሲደወል፣ ሰዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመልሰው ሲወጡ፣ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሣ።